የሲክ ቤተ መንግሥት የቁም ሥዕል በውኃ ቀለም፦ ነጩን ጥምጣም እንዴት አወጡት?

ጠያቂ (ለገጣፎ)፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በላሆር (በዛሬዋ ፓኪስታን)፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ በነበረው የፑንጃብ ንጉሥ በማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ዘመን በተሣሉት የመኳንንት ምስሎች ስልት የአያቴን ምስል በመሥራት ላይ ነኝ። ይሁን እንጂ የውኃ ቀለሜ ስስ በመሆኑ ነጩ ጋቢና ነጩ ጢም ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰሉብኛል። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ነጩን ጥምጣም አጉልተው ያወጡት እንዴት ነው?

መላሽ (ሱሉልታ)፦ የእነርሱ ቀለም ወረቀቱን የሚሸፍን እንጂ ብርሃን የሚያሳልፍ አልነበረም። የተፈጨውን ቀለም ከግራር ሙጫ ጋር ያዋሕዱታል፤ ነጭም ይጨምሩበታል። ንድፉን ካወጡ በኋላ ስስ ነጭ ይቀቡበትና ሥዕሉን በለስላሳ ሰሌዳ ላይ ደፍተው ጀርባውን አጌት በሚባል ጠንካራና ለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፤ ያ የምናደንቀው ልስላሴ የሚገኘው ከዚህ ነው። እርስዎ ጉዋሽ የሚባለውን፣ ወረቀቱን የሚሸፍን የውኃ ቀለም ቢጠቀሙ ይቀልዎታል። በስስ ቀለም መታገሉ፣ በእኔ እምነት፣ ከንቱ ድካም ነው።

ሌላ መላሽ (ሰበታ)፦ በተባለው እስማማለሁ፤ መደቡን፣ ማለትም ከምስሉ ኋላ ያለውን ቀለም፣ ግን አይዘንጉ። ከፑንጃብ በላይ ካሉት ኮረብታማ አገሮች፣ ከጉለርና ከካንግራ፣ የመጣው የአሣሣል ልማድ ወጥ አረንጓዴ መደብን ያዘወትራል፤ ነጭ ልብስ በዚያ ላይ ወዲያው ይለያል። ጢሙን በመጀመሪያ ግራጫ ይቀቡት፤ ሲደርቅ ጫፉ እጅግ በቀጠነ ብሩሽ ነጩን ጠጉር አንድ በአንድ ያውጡት። ፊቱንም ከጎን ቢሥሉት ይመረጣል። ራንጂት ሲንግ በልጅነቱ በፈንጣጣ ግራ ዓይኑን ስላጣ፣ ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ በጤናማው ዓይን በኩል ይሥሉት ነበር፤ የአያትዎን ከጎን የሚሥሉበት ምክንያት ግን የጋቢው ጠርዝ ጎልቶ እንዲታይ ይሆናል።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መደቡን ዛሬውኑ አረንጓዴ አደርገዋለሁ።