እማዬ ሰራተኛዋን «ወርቄን ሰረቅሽኝ» ትላታለች፣ ሲመሽ ደግሞ «ቤቴ ልሂድ» ትላለች። ምን ላድርግ?

የቀበናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ እኔ፣ እሷ፣ ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጄና አንዲት ሰራተኛ ነን። እማዬ ድሮ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ደብተር ሳትገልጥ ነበር የምትነግራችሁ። አሁን ሽሮ ጥዳ ትረሳለች። ይሄ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። ሽሮ ያላሳረረ ማን አለ?

የከበደኝ ሌላው ነው። የአንገት ወርቋን መቀነቷ ላይ ትቋጥርና መቀነቱን ትደብቀዋለች። ከዚያ የት እንዳደረገችው ይጠፋታል። ከዚያ ሰራተኛዋ ሌባ ትሆናለች። ባለፈው ጤፍ በርሜሉ ውስጥ አግኝቼ ባመጣላት «አየሽ፣ እዚያ ነው የደበቀችው!» አለችኝ። ልጅቷ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የመጣች ጨዋ ልጅ ናት። «ሌባ ተብዬማ አገሬ አልገባም» እያለች ታለቅሳለች።

ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ትቆማለች። «በሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤቴ ልሂድ፣ መሸ» ትላለች። ተድራ የገባችበት ቤት ነው እኮ! «አባትሽ የት ሄደ?» ትለኛለች። ሞቷል ስላት ደረቷን ትደቃለች፣ እንደ አዲስ ታለቅሳለች። በማግስቱ መልሳ ትጠይቃለች። በየቀኑ መርዶ ላርዳት ወይስ ልዋሽ? ዋሽቼ አላውቅም አልልም። በሞተ አባት ለእናት መዋሸት ግን አቃተኝ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ላይ በጣም ባሰባት። ረፋድ ላይ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የማይገናኝ ነገር ታወራለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትበላ ትመለሳለች። አሁን ረቡዕና አርብም እንደዚያው እየሆነች ነው። ፍልሰታ ደግሞ ሊገባ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላላት ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ኪኒን ገዝተን እንሰጣታለን።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ደህና ናት፣ ሳወራት ምንም የላትም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ስልክ ላይ ለአምስት ደቂቃ ጤነኛ ናት። ትመርቀዋለች፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትለዋለች። የአንዱንም ስም ግን አትጠራም። እህቴ ሀዘን ነው ትላለች። አክስቴ እርጅና ነው፣ ተያት ትላለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «አማኑኤል ልትከቱኝ ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የአባቱ ልጅ፦

አይዞሽ እህቴ። አባቴን እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እኔ ነኝ። የኛ ቤት ጦርነት ወርቅ ሳይሆን ቁልፍ ነበር። ቁልፉን አስቀርጬ ሶስት አራት አደረግሁት። «ሰረቁኝ» ሲል አንዱን ከኪሴ አውጥቼ «ይኸው ሶፋው ስር ወድቆ» እለዋለሁ። ክርክሩ ያልቃል። አንቺም እውነተኛውን ወርቅ ባንክ አስገቢና አርቴፊሻል ሀብል ግዢላት። ቀልድ አይደለም።

ወንድምሽን ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንዲደውል አድርጊ። እዚያ ገና ቀን ነው፣ ሰበብ የለውም። እናታችን ነጠላ ለብሳ በር ላይ ስትቆም ይያት። የኔ ወንድም ያመነው እንደዚያ ነው። ገንዘብ መላክ አንድ ነገር ነው፣ አይቶ ማመን ግን ሌላ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፦

ልጄ፣ ከወርቁም ከበሩም በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ጽሑፍሽን አንብቤ ያስደነገጠኝ ሁዳዴ ላይ ስላለው የጻፍሽው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ረፋድ ላይ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠና ከቀባጠረ፣ ሲበላ ደግሞ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳሩ መውረዱ ነው። የሚወስዱት ኪኒን ስሙ ምንድነው? ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ሰውየው በላም አልበላም ስኳሩን ያወርደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው አይስማማም ብሎ የጻፈበት መድኃኒት ነው። ጠዋት ኪኒኑን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ይሄ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። እንደዚያ ሲሆኑ ስኳራቸውን ለኪ። መለኪያ ከሌለሽ ሳትለኪም ቢሆን ሶስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው፣ ከዚያ ምግብ አብያቸው። የዚህ ኪኒን ጉልበት ረጅም ስለሆነ ተመልሶ ሊያወርዳቸው ይችላል። ስለዚህ ተሻላቸው ብለሽ አትቀመጪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አታድርጊ፣ ይዘሽ ሩጪ። ጾሙን ለንስሐ አባታቸው ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹም አትልም። ከአንቺ አፍ አይቀበሉም፣ ከአባ አፍ ይቀበላሉ።

የእንቅልፉንም ኪኒን ስም እይልኝ። ለወጣት እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር አዛውንትን ያደናግራል፣ ሌሊት ሲነሱም ይጥላቸዋል። የጉንፋን ኪኒን እንኳ አንዳንዱ ያቃዣል። በስራ ዘመኔ «ጃጁ» ተብለው መጥተው፣ ኪኒኑ ሲስተካከል ወደ ልባቸው የተመለሱ እናቶች አይቻለሁ። ደግሞ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን አስመርምሪ። መድኃኒቱ ራሱ ይቀንሰዋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾሙ ይመስለኛል። እጥረቱ ሲበረታ ማስታወስን ይነካል። እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ የሚያመነጨውን የታይሮይድ ሆርሞንም አብረው ይዩላቸው። በቅርብ ወድቀው ጭንቅላታቸውን መተው ከነበረ እሱንም ሳትረሺ ለሐኪሙ ንገሪ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። መደበቁ፣ ውንጀላው፣ ሲመሽ «ቤቴ ልሂድ» ማለቱ የመርሳት በሽታ ይመስላል። የእህትሽንም ግምት አልንቅም። ድብርት አዛውንት ላይ ሲመጣ ለቅሶ ብቻ አይደለም፣ መርሳትም ነው። ግን ብዙ ጊዜ የተደበረ ሰው «ተዪኝ፣ አላውቅም» ይልሻል። የመርሳት በሽታ ያለበት ደግሞ ይሸፍናል። እናትሽ ስልክ ላይ ስም ሳይጠሩ በምርቃት እንደሚያልፉት። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፣ ድብርቱ ደግሞ ይታከማል።

ውንጀላውን በክፋት አትይባቸው። የበሽታው ስም የመጣበት ዶክተር አሎይስ አልዛይመር በፈረንጆች 1901 ፍራንክፈርት ላይ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት አከመ። መጀመሪያ የታየባት ነገር ባሏን መጠርጠር ነበር። ቀጥላ የቤት ዕቃ ከቦታ ቦታ እያዞረች ትደብቅ ነበር። ያንቺ ቤት ታሪክ አይመስልም? አእምሮ «የት አስቀመጥኩት?» የሚለውን መመለስ ሲያቅተው ባዶውን በሌባ ይሞላዋል። ሌባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ «አልሰረቀችም» ብለሽ አትከራከሪ። «ወይ ጉድ፣ ነይ አብረን እንፈልገው» በይ። ሲገኝም ማን እንደደበቀው አታንሺ።

ልጅቷን ግን እንዳትረሻት! በዚህ ቤት ብዙ የምትጎዳው እሷ ናት። ለወላጆቿ ራስሽ ደውዪና እናቴን አሟት ነው፣ ልጃችሁ ታማኝነቷ የተመሰከረ ነው በያቸው። ለጎረቤትም እንዲሁ። የዕረፍት ቀኗን አትንኪባት። እሷ ብትሄድ ለእናትሽ እንግዳ ፊት ይመጣል፣ ያኔ ይብስባቸዋል።

ሲመሽ ለሚሆነው፣ ሳይጨልም መብራት አብሪ። ክረምት ስለሆነ 11 ሰዓት ላይ ጀምሪ። በሩን ከውስጥ ከመቆለፍ በፊት እጃቸውን በስራ ያዢ። ጥጥ ይፈትሉ ነበር? እንዝርቱን ስጪያቸው። ስም የጠፋበት ሰው እጁ መፍተል ላይረሳ ይችላል። «ቤትሽ እኮ ነው» ማለት አይጠቅምም። «እሺ፣ ቡናው ይፍላና እሸኝሻለሁ» በይ። በረንዳ ዞር አድርገሽ ብትመልሻቸው ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አባትሽን በተመለከተ፣ መርዶውን አንዴ ሰምተዋል፣ በየቀኑ ማርዳት ግዴታሽ አይደለም። መዋሸትም የለብሽም። «አባትሽ የት ሄደ?» ሲሉ «ናፈቀሽ እንዴ?» በያቸው። እንዴት እንደተጋቡ ጠይቂያቸው። የሚፈልጉት አድራሻውን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

አማኑኤልን ለመፍራት የሳቸው ዘመን ሰው ምክንያት አለው። የሰፈር ስድብ ነበር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ለስኳርሽና ለግፊትሽ ብለሽ ውሰጃቸው፣ ውሸት የለበትም። ከዚያ የውስጥ ደዌ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሪፈር ይጻፍልሻል።

ወለተ ማርያም፦

ሲስተር ያሉት ጥሩ ነው። ግን ሁሉን በኪኒን ማድረግ ምንድነው? እንጦጦ ማርያም ፀበል ይውሰዷት። የኔ አያት ተጠምቀው ነው የተረጋጉት።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፦

ልጄ፣ እኔም ፀበል እሄዳለሁ። ማንም አይከለክላቸው። ነገር ግን በባዶ ሆዳቸው በሌሊት ብርድ አይውሰዷቸው፣ መድኃኒቱንም ለፀበል ብለው አያቋርጡ። እንጦጦ ላይ ክረምት እንዴት እንደሚበርድ ታውቂው የለ? ሁለቱ አይጣሉም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ወላጆቻቸውን ይዘው ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አማቴን የማስታወስ ፈተና ፈተኗት። ዓመተ ምህረት ስንት ነው አሏት፣ የኛን ነገረቻቸው። ወር ሲሏት ጥር አለች። ትክክል! ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ስህተት ተብሎ ተሞላ። የስልክ አስተርጓሚው ደግሞ ሰዓት ሳሉ ሲባል ሰዓቱን ወደ ሀበሻ ቀይሮ ነገራት፣ እሷ በነገራት ቁጥር ላይ መስመሩን አደረገች። በኛ ሰባት በስምንት ዓመት፣ በሰዓት ደግሞ በስድስት እንለያያለን። ይሄን ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት። እኔ ስነግራቸው ደግመው ፈተኗት፣ ውጤቷ ተሻሻለ። ችግር የለባትም ማለቴ አይደለም፣ አለባት። ግን ያለባትን ያህል ይጻፍባት።

ሌላው፣ ልጅ አታስተርጉሙ። ልጅ እናቱን ለማዳን መልሱን ያሳምረዋል። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ጠይቁ።

የቀበናዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ የኪኒን ከረጢቷን ዘርግፌ አየሁ። አንዱ ሜትፎርሚን ነው። ሌላው እንዳሉት ግሊቤንክላማይድ። የእንቅልፉ ላይ አሚትሪፕቲሊን ይላል። የግፊቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ቀኑ አልፎበታል። ለንስሐ አባቷ ደውዬላቸው ነገ ጠዋት ቤት እመጣለሁ ብለዋል። ለልጅቷም ፍኖተ ሰላም ደወልኩ። አባቷ «እኛስ እናት የለንም? ገባን» አሉኝ። ግሊቤንክላማይዱን ነገ ጠዋት ልስጣት ወይስ ልተወው?

ጡረታ የወጣሁ ነርስ፦

ቁርስ ካልበሉ አትስጪ። ነገ ስልክ ይዘሽ አትጠብቂ፣ ከረጢቱን እንዳለ አንጠልጥለሽ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ በጠዋት ስኳራቸውን ይለኩ። መድኃኒቱ መቀየር እንዳለበት ራስሽ አንሺባቸው፣ ጾሙንም ተናገሪ፣ ካልነገርሽው ሐኪሙ አያውቅም። አሚትሪፕቲሊኑም የሚያደናግረው ዓይነት ነው፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል። ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሚወስዱ ጽፈሽ ያዢ፣ እንዴት እንደሚቆም እነሱ ይንገሩሽ። ቀኑ ያለፈውን አትስጪያቸው፣ ለሐኪሙ አሳዪው። አባ የሚመጡት ስንት ሰዓት ነው? ከሳቸው ጋር ቁርስ ይብሉና ከዚያ ውጡ።