በአሰሳ ጊዜ ባልጩት ማንሳት ለምን ይከለከላል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
በሐዋሳ የታሪክና ቅርስ ተማሪዎች ነን። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ መሬቱ ሲገለጥ፣ ከመምህራችን ጋር ከባቱ በስተ ምዕራብ ለአርኪዮሎጂ አሰሳ እንወጣለን። ጎን ለጎን ተሰልፈን እየተራመድን የምናየውን ባልጩት (ጥንት መሣሪያ ይሠራበት የነበረ መስታወት መሰል ድንጋይ) እንድንመዘግብ፣ አንዳችም እንዳናነሳ ተነግሮናል። ገበሬው በየዓመቱ እያረሰ የሚገለብጠውን ድንጋይ ባለበት መተው ምን ይጠቅማል? ለማስተማሪያ ጥቂት ብንወስድስ?

መልስ 1፦
ቅርስ መፈለግ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ የሚነሳውንም የሚወስነው ተማሪው አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ማረሻ ድንጋዩን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ የክምችቱን ቦታ በአብዛኛው አያጠፋውም፤ ፍላጮቹ (ድንጋይ ሲፈለጥ የሚወጡት ስባሪዎች) ከተፈለጡበት ዋና ድንጋይ ጋር ተቀራርበው ከተገኙ መሣሪያው እዚያው ይሠራ እንደነበር፣ ያለቀለት መሣሪያ ብቻ ከታየ ደግሞ ከሌላ ስፍራ መጥቶ ሊሆን እንደሚችል እንገምታለን። እያንዳንዱ ተማሪ ያማረውን ሹል ድንጋይ ኪሱ ቢከት፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው አጥኚ በዚያ ማሳ ሹል መሣሪያ እንዳልነበረ አድርጎ ይጽፋል። እዚያው አካባቢ በጋደሞታ የተገኙት መሣሪያዎች ከ276,000 ዓመት በላይ እንደሆናቸው የታወቀው በላያቸው ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ ነው፤ ድንጋዩ ብቻውን ይህን አይነግረንም።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ባልጩት ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲጠቀሙ ስለኖሩ፣ በመኖሪያ አጠገብ የተጣለ ፍላጭ የአንድ ቤተሰብ የቅርብ ዘመን ጥራጊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ከመገመታችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ምንም ያልተገኘበትን ማሳም መዝግቡ፤ መሬቱን የሸፈነው ምን እንደሆነም ጻፉ፣ ገለባ ይሁን ሣር። ባዶ ማሳና ያልታየ ማሳ አንድ አይደሉም፣ ተማሪዎች ግን በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ይህን መስመር ባዶውን ይተዉታል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ለማስተማሪያስ ምን እናድርግ?

መልስ 1፦
ከአሰሳው ክልል ውጭ ካለ የተፈጥሮ ባልጩት፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ ራሳችሁ ፍለጡ። ስብርባሪውን ግን በሸራ ላይ ሰብስቡና አስወግዱት፤ በሜዳ ከቀረ ለቀጣዩ አሳሽ ሐሰተኛ ቅርስ ይሆንበታል።