ያለቀ ጎማ ማገዶ ይሁን? እንከራከር

አወያይ፦ ያለቀ ጎማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ሲነድ «መልሶ ጥቅም ላይ ዋለ» ይባላል ወይስ ተቃጠለ ብቻ? ስድብ የለም፣ ምክንያት ይዛችሁ ኑ።

ኢንጂነሩ፦ ዋለ እንጂ! ጎማ ከድንጋይ ከሰል የማያንስ ሙቀት ይሰጣል። ምድጃው ውስጥ ያለው ቁስ 1,450 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ የጎማው ሽቦም አይጣልም፤ ሲሚንቶ ብረት ስለሚፈልግ እዚያው ይዋሃዳል። ክምር ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ በ1990 ካናዳ ሄገርስቪል ላይ የተቀጣጠለው የጎማ ክምር 17 ቀን ነዷል።

ጎሚስታው፦ ወንድሜ፣ ክምርን ማን ደገፈ? እኔ የምለው ሌላ ነው። ጎማ አለቀ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ጥርሱ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ሲመጣ ውስጡን በእጅ ዳስሰህ፣ ክሩ ካልተቆረጠ፣ ጎኑ ካላበጠ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሽቦ ካልወጣ፣ የድሮው ፊት ተፍቆ አዲስ ጥርስ ይለበጥበታል። የአውሮፕላን ጎማ እንኳ እየታደሰ ነው የሚበረው። ደህና አካል ያለውን ጎማ ምድጃ ውስጥ መክተት ግፍ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔ የታደሰ ጎማ አላምንም። መንገድ ዳር የሚታየው የጎማ ልጣጭ ሁሉ ከየት መጣ ታዲያ?

ጎሚስታው፦ ንፋሱ ጎድሎ፣ ጭነት በዝቶበት ከተነዳ አዲሱም ይላጣል። ንፋስህን ለካ!

ተማሪዋ፦ ለምን አቅልጠው አዲስ አይሠሩም ለምትሉ፦ ጎማ እንደ ፕላስቲክ ጠርሙስ አይቀልጥም። በሰልፈር በስሏል፤ አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቻርልስ ጉድይር በ1844 ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው፣ ጥንካሬውም ጣጣውም ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ወይ ይፈጫል፣ ወይ ያለ ኦክስጅን ተግሎ ዘይት፣ ጋዝ፣ ጥቁር ከሰልና ሽቦ ይወጣዋል። ጥሩ ይመስላል፣ ግን ዘይቱ ሰልፈር አለበት፣ ከሰሉም አመድ ይበዛዋል። ሳይጣራ ገዢ አያገኝም።

እናት ነኝ፦ ተፈጭቶ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ እንዳይበተን ብቻ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ከ2031 ጀምሮ ለዚህ መሸጡ ይቆማል።

ኢንጂነሩ፦ አስፋልት ውስጥ ይግባ፤ መሰንጠቅ ይቀንሳል፣ ጩኸትም ይቀንሳል። ግን ስንቱን ጎማ መንገድ ይጨርሰዋል? አውሮፓ ሙሉ ጎማ መቅበር ከ2003፣ የተቆራረጠውን ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ከለከለች። የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም።

ተማሪዋ፦ ገንዘቡን አትርሱ። አዲስ ጎማ ሲሸጥ ለማስወገጃው ክፍያ ይታሰብ ይባላል፣ እሺ። ግን ለማደስም ለማቃጠልም እኩል ከተከፈለ፣ ማን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይመረምራል?

ጎሚስታው፦ እሱን ነው የምለው። ኢንጂነር፣ እናንተ ጋ መኪናው ጎማ ጭኖ ሲገባ ማን ያየዋል?

ኢንጂነሩ፦ ሚዛኑ።

ጎሚስታው፦ በቃ!