ከ91፣ ከ95 እና ከ98 ቤንዚን የቱን ልቅዳ?

የእኔ ጥቆማ አጭር ነው፦ መኪናችሁ የሚጠይቀውን። የነዳጅ መሙያውን በር ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ብዙ ጊዜ እዚያው ተለጥፏል። ከሌለ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ።

ቁጥሩ ኦክቴን ይባላል። ቤንዚኑ በግፊትና በሙቀት ብዛት፣ ያለ ካንዴላ እሳት፣ በራሱ እንዳይነድ ምን ያህል እንደሚቋቋም ያሳያል። ጉልበት አይለካም። ስለዚህ ለ91 በተሠራ ሞተር ላይ 98 መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው። ተርቦቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር 98 ከጠየቀ ግን አትሰስቱበት። ዝቅ ያለ ከቀዳችሁ ዳገት ላይ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። ማንኳኳቱ ሲደጋገም ፒስተን ይጎዳል። አዳዲሶቹ ሞተሮች በሴንሰር ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ በምትኩ ጉልበት ይቀንሳሉ።

የአሜሪካው 87 እንዳያሳስታችሁ። አለካኩ ስለሚለይ በብዙ አገር 91 ወይም 92 ከሚባለው ጋር ይቀራረባል።

ኢ10 የሚባለው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል አለበት፤ ኢ5 ደግሞ እስከ 5 በመቶ። ለአዲስ መኪና ችግር የለውም። ካርቡሬተር ላለው አሮጌ መኪና ወይም ለወራት ለሚቆም ግን ኢ5 እመርጣለሁ፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማ ቱቦዎችንም ይበላል። በጠርሙስ የሚሸጠውን ኦክቴን ማሳደጊያ እለፉት። ትክክለኛውን ቤንዚን ከቀዳችሁ ምን ያደርግላችኋል?

ወደ አቀዳዱ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሚነደው የቤንዚኑ ተን ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ይቀጣጠላል። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሞተር ይጥፋ፣ ሲጋራ አይታሰብ። እየተቀዳ ሳለ መኪና ውስጥ ገብታችሁ አትውጡ፤ ልብስ ከወንበር ጋር ሲፋተግ ሰውነታችሁ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ከወጣችሁም መቅጃውን ከመንካታችሁ በፊት ከመሙያው ራቅ ብላችሁ የመኪናውን ብረት ንኩ። እሳት ከተነሳ መቅጃውን አትንቀሉት! ነዳጁ ይረጫልና። ራቁ፣ ለማደያው ሠራተኛ ጩኹ፣ ዋናውን ማጥፊያ ይዝጋ።

ጀሪካን የምትሞሉ ከሆነ መኪናው ላይ እንዳለ አትቅዱበት። መሬት ላይ አውርዱት። ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፣ እስከ አፉም አይሞላ፤ ሙቀት ሲያገኘው ቤንዚን ይለጠጣል። የውሃ ፕላስቲክ ፈጽሞ አይሆንም።

መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲቆም ይብቃችሁ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ተኑን የሚይዘውን የከሰል ማጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ለብቻ ተጠንቀቁ። የናፍጣ መቅጃ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን መኪና ውስጥ አይገባም። የቤንዚኑ ግን ናፍጣ መኪና ውስጥ ዘው ይላል። ከተሳሳታችሁ ቁልፉን እንኳ አታዙሩ፤ ፓምፑ ሊነሳ ይችላል። መኪናው ተጎትቶ ይሂድና ታንኩ ይራገፍ።