አባዬን ዊንተርሴት ልውሰደው ወይስ ይቅር?

የማርቆሷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ እኔ ጋ ዴስ ሞይንስ፣ አዮዋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሞል ወሰድኩት፣ ወንበር ፈልጎ ቁጭ አለ። ካፒቶሉን አሳየሁት፣ የወርቁን ጉልላት ቀና ብሎ አየና «ጥሩ ነው» ብሎ ተመልሶ መኪና ውስጥ ገባ። ትናንት ቡና እየጠጣን «ልጄ፣ ለመሆኑ የዚህ አገር ገበሬ የት ነው ያለው?» አለኝ። እስካሁን ያየው በመኪና መስኮት በቆሎውን ብቻ ነዋ።

ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አውራ ጎዳና ነው። በቀን ሠራተኝነት ገብቶ ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ዛሬም ድልድይ ካየ መኪና ያስቆማል። ልጅ ሆነን አውቶብስ ውስጥ በዚህ ያሳፍረን ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ማዲሰን ካውንቲ ውስጥ፣ ዊንተርሴት በምትባል ከተማ ዙሪያ፣ ጣራ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች አሉ አለችኝ። እውነት ለአንድ ቀን የሚበቃ ነገር ነው? ጉልበቱን ስለሚያመው ብዙ አይራመድም። ሌላስ እዚያ ምን አለ? ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳልወስደው ብቀር ጉዴ ይፈላል።

ሾፌሩ፦

የማርቆሷ፣ ውሰጃቸው። ሁለቴ አታስቢ።

ትራክ ነጂ ነኝ። በአውራ ጎዳና 80 እና 35 ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዊንተርሴትን ግን በጭራሽ አላውቃትም ነበር። አንድ ጊዜ ትራኩ ተበላሽቶ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ። የጓደኛዬን መኪና ተውሼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ከዴስ ሞይንስ በ35 ወደ ደቡብ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ 92ን ይዘሽ ወደ ምዕራብ። አንድ ሰዓት አይሞላም። ድሮ 19 ድልድይ ነበር፣ አሁን የቀሩት 6 ናቸው። ጣራውን ሳየው መጀመሪያ ለመንገደኛ መጠለያ መስሎኝ ነበር። ለካ ጣራው የተሠራው ለእንጨቱ ነው! ከሥር የሚሸከመው ወፍራም አግዳሚ ውድ ነው፤ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። የጎኑና የጣራው ሳንቃ ግን ርካሽ ነው። ሲያረጅ ነቅለሽ ሌላ ትመቺበታለሽ። ካውንቲው ሒሳቡን ሠርቶ ነው «አልብሱት» ያለው። አባትሽ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ ካፖ ናቸዋ።

በካትለር ዶናሆ ጀምሪ። በ1870 የተሠራ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ አሁን ከቦታው ተነሥቶ ከተማው ፓርክ ውስጥ ቆሟል። ለጉልበታቸው ደህና ነው። ከዚያ ሆሊዌል። የ1880 ነው፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ 122 ጫማ። ሚድል ሪቨር ላይ ተዘርግቷል። ቀጥሎ ሮዝማን፣ የ1883።

ሮዝማን ውስጥ ስትገቡ ትንሽ ቁሙ። ከውጭ ቀይ ጎተራ ይመስላል። ከውስጥ ግን ጎንና ጎኑ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ሰያፍ ተጠላልፎ እንደ ወንፊት ሆኗል። ያ ጌጥ አይደለም፤ ድልድዩን የሚሸከመው እሱ ነው። አባትሽ ይገባቸዋል፣ እኔ የገባኝ በሦስተኛው ጉዞ ነው።

ደግሞ ተረትም አለው። በ1892 ከካውንቲው እስር ቤት ያመለጠ ሰው እዚያ ድልድይ ውስጥ ሲገባ በሁለቱም በር ከበቡት። ሰውየው ጮኸና በጣራው ቀዳዳ ሽቅብ ወጥቶ ጠፋ ይላሉ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኛ አገር ቢሆን ጠበል ይረጭ ነበር።

መንገዱ ፒስታ ነው። መኪናሽን አርብ ካሳጠብሽ አዝናለሁ። ኦክቶበር አጋማሽ የድልድዮቹ ፌስቲቫል ስላለ በዚያ ሰሞን ሰው ይበዛል። ሴዳር የሚባለውን ድልድይ ብትዘሉት ግን አይቆጭም። የ1883ቱን በ2002 አቃጠሉት፣ በ2004 መልሰው ሠሩት። በ2017 ደግሞ ጎረምሶች አነደዱት። አሁን ያለው በ2019 የተከፈተው ነው፣ ገና አዲስ ጣውላ ነው።

ሲኒማ አምፒር፦

አባትሽ ሰባ ስድስት ከሆኑ ካውቦይ ፊልም ያውቃሉ። ጆን ዌይን የዊንተርሴት ልጅ መሆኑን ንገሪያቸው። በግንቦት 1907 ነው እዚያ የተወለደው፤ ያኔ ስሙ ማሪየን ሮበርት ሞሪሰን ነበር። የተወለደባት ቤት አራት ክፍል ናት፣ የእኛ የቀበሌ ቤት ታክላለች። ከጎኗ በ2015 የተከፈተ ሙዚየም አለ። እኔ ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ ሰዓት አቃጠልኩ፣ ዞር ብዬ ሳስበው ቤቷ ትበቃ ነበር።

እኛ ሰፈር «አክተር አይሞትም» ብለን ስንማማል ያደግነው በእሱ ነው።

ነርሷ፦

ስለ ካርቨር ማንም አያነሣም እንዴ? ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር፣ በባርነት የተወለደው፣ በኋላ ትልቅ የእርሻ ሳይንቲስት የሆነው። ካንሳስ ውስጥ አንድ ኮሌጅ በደብዳቤ ተቀብሎት፣ በአካል ሲቀርብ ጥቁር መሆኑን አይተው መለሱት። ከዚያ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዊንተርሴት መጥቶ ሆቴል ውስጥ ምግብ ያበስል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ድምፁን የሰሙ ባልና ሚስት ወዳጅ ሆኑት፤ «ተማር» ብለው የወተወቱት እነሱ ናቸው። በ1890 ኢንዲያኖላ ሲምፕሰን ኮሌጅ ገባ። እዚህ አገር ስንት ጊዜ «ወረቀትሽ አይሠራም» ተብዬ ሳህን ያጠብኩ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን ከድልድዩ ሁሉ በላይ የነካኝ ይሄ ነው። ከተማዋ ውስጥ በስሙ የተሰየመች ትንሽ መናፈሻ አለች፣ ተቀመጡባት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ የምናየው ቀዩ ፖም፣ ሬድ ዴሊሺየስ፣ የዚያው ካውንቲ ልጅ ነው። ፔሩ የምትባል መንደር አጠገብ ጄሲ ሃያት የሚባል ገበሬ ከመስመር ወጥቶ የበቀለ ችግኝ ቢያይ ቆረጠው። መልሶ አቆጠቆጠ። ደግሞ ቆረጠው። እንደገና ሲበቅል ተወው። አባትሽ ገበሬ ከጠየቁ ይህን ንገሪያቸው።

የማርቆሷ፦

ሄደን መጣን። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሆሊዌል ላይ ከዘራውን ለእኔ ሰጥቶ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካው። የድሮ ሥራው ነው፣ አንድ እርምጃው አንድ ሜትር ነው። ወጥቶ «ሠላሳ ስምንት» አለ። ስልኬን አውጥቼ 122 ጫማውን ብመታው ሠላሳ ሰባት መጣ። «አንዷ ጉልበቴ ናት» አለኝ።

ሾፌሩ፣ ሴዳርን እንዝለለው ብለው አሻፈረኝ አለ። ሁለቴ ተቃጥሎ ሦስቴ የተሠራ ድልድይ ሳያይ አይሄድም። ብዙ የቆየነውም እዚያ ነው። አንዱን ምሰሶ በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ «ደርቋል» አለ። ከዚያ «አባት የላቸውም?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ጎረምሶቹ ነው።

ፒስታው ላይ ከፊት የሚመጣ ፒክአፕ ሁሉ ሹፌሩ ከመሪው አንድ ጣት ብድግ እያደረገ ሰላም ይለናል። አባዬ ለእያንዳንዱ ኮፍያውን ያነሣል። «ገበሬው እሱ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በሬውስ?» አለ። ያን ሁሉ በቆሎ አንድ ሰው በማሽን ያርሰዋል ብዬ ባስረዳው አልተዋጠለትም፣ አሁንም እሱን እያሰላ ነው።

የጆን ዌይንን ቤት በር ላይ ፎቶ ተነሣ። አዲስ አበባ ለሥልጠና በመጣ ጊዜ ፊልሙን አይቶታል ለካ። ለሃምሳ ዓመት አልነገረንም!

ጥያቄ ደግሞ ቀርቶኛል። ስድስቱን ቆጥሮ ሆግባክ ይቀረናል፣ ሴንት ቻርልስ ያለውም ይቀረናል እያለ ነው። የሆግባክ መንገድ እንዴት ነው?

ሾፌሩ፦

እሱም ፒስታ ነው። ከዘነበ አትሞክሩት። ካልዘነበ ቅዳሜ እኔም ሥራ የለኝም፣ ዳቦ ቆሎ ያዢ።