አሰብ ላይ ምን ነበረና ነው ጣሊያን የፈለጋት?

የባሕር ናፍቆት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የእህቴን ልጅ ታሪክ ሳስጠናት አንድ ቦታ ላይ ተያዝን። ደብተሯ “የአውሮፓ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃና ገበያ ስለፈለጉ አፍሪካን ተቀራመቱ” ይላል። እሷ ደግሞ “እሺ፣ አሰብ ላይ ምን ጥሬ ዕቃ ነበረ? ማንስ ነው እዚያ ዕቃ የሚገዛው?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቷን እኮ ነው። አሸዋ፣ ጨውና ሙቀት ነው ያለው። ወርቅ የለ፣ ጥጥ የለ። ታዲያ አንድ አገር ከሆነች ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላት ጣሊያን ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ ምን ልታደርግ መጣች? የምታውቁ ቀለል አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ እንዳለ ነው የማነብላት።

ወደበኛው፦
ልጅቷ ጎበዝ ናት። መልሱን መሬቱ ላይ አትፈልጉት፣ ፊት ለፊቱ የሚያልፈውን መርከብ እዩ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የስዊዝ ካናል የተከፈተው ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ነው። ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ሚስዮናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ብሎ ከአሰብ አካባቢ ሱልጣኖች ጋር መሬት የተዋዋለውስ? ኖቬምበር 15 ቀን 1869። ሁለት ቀን ቀድሞ! መጀመሪያ ሳነበው ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸራ መርከብ የሚሄደው በነፋስ ነው፣ ነፋስ ደግሞ አይገዛም። የእንፋሎት መርከብ ግን ድንጋይ ከሰል ይበላል፣ ያውም ለጉድ። ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውን ከሰል ሁሉ ከጫነ ለዕቃ ቦታ አይተርፈውም፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ማደያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ እሱም መንገድ ላይ እየቆመ የሚሞላበት ቦታ ይፈልጋል። እንግሊዝ የየመኑን ወደብ ኤደንን በ1839 የያዘችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የቀይ ባሕር መግቢያ ላይ ያለውን ፔሪም ደሴትን በ1857 ጨመረች። ፈረንሳይ በ1862 ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለችውን ኦቦክን ተዋዋለች። ካናሉ ሲከፈት ደግሞ ከለንደን ቦምቤይ ያለው የባሕር መንገድ ወደ 40 በመቶ አጠረ፣ ቀይ ባሕርም አውራ ጎዳና ሆነ። ካናሉ ለሸራ መርከብ ስለማይመች የሚያልፈው ሁሉ ከሰል በሊታ ነው።

ጣሊያን የፈለገችው እዚያ ጎዳና ላይ የራሷን ማደያ ነው። በ1882 መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ፣ በ1885 ምጽዋ ገባ፣ በ1890 ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛት አወጀ። የመካከሉንና የኋላውን፣ ዶጋሊን፣ ውጫሌን፣ ዓድዋን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጥጥ ፈታይ፦
ወደበኛው፣ የከሰሉን ነገር አሳምረህ ጽፈኸዋል። ግን ጥጡን ዘለልከው፤ እኛ ደጃፍ ድረስ ጦር ያመጣውኮ ጥጥ ነው።

አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርስ ሲዋጉ የደቡቡ ጥጥ ወደ እንግሊዝ መሄዱ ቀረ። ላንክሻየር ውስጥ ፋብሪካው ቆመ፣ ሠራተኛው ተራበ። የግብፅ ጥጥ ዋጋ ጣሪያ ነካ። የግብፁ ገዥ ኸዲቭ እስማኤል ያ ገንዘብ የማያልቅ መስሎት ከአውሮፓ ባንኮች ተበደረ፣ አሁንም ተበደረ። ጦርነቱ አለቀና የጥጥ ዋጋ ወረደ፣ ዕዳው ግን እያደገ ሄደ። በዚያ መሃል ነው ግዛት ላስፋ ብሎ ጦሩን ወደኛ የላከው። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ፣ ሁለቱንም አፄ ዮሐንስ ድል አደረጉ። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር አዛዦች አንዱ ሎሪንግ የሚባል፣ በዚያው በአሜሪካ ጦርነት ለደቡቡ የተዋጋ ጄኔራል ነበር። ወታደሩ የያዘው ሬሚንግተን ጠመንጃም የአሜሪካ ሥሪት ነው፣ ብዙው እኛ እጅ ቀረ።

ግብፅን ደግሞ ዕዳ በላት። በ1875 እስማኤል የካናሉን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግሥት ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ በሚሆን ሸጠ፣ በዓመቱ አገሪቱ ከሰረች፣ በ1882 የእንግሊዝ ጦር ገባ። ያን ካናል የቆፈረው የግብፅ ገበሬ ነው እኮ። ከየመንደሩ እየታፈሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግዳጅ። ካናሉ የአገሩ የሆነው በ1956 ነው። ይሄን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

የቋራው፦
ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው፤ ግን በከሰልና በጥጥ ብቻ አታሳቡት፣ የወሰኑት ሰዎች ናቸው። የ1884ቱን የሂዌት ውል እዩ። አፄ ዮሐንስ ሱዳን ውስጥ ባመፁት በማህዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር በግዛታቸው በኩል ሊያሳልፉ፣ እንግሊዝ ደግሞ ጦር መሣሪያ ሳይቀር ዕቃቸው በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ልታደርግ ተስማሙ። እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ዓመት ሳይሞላ እንግሊዝ ራሷ እያወቀችና እየፈቀደች ምጽዋ ለጣሊያን ሆነች። ይሄን ከሰል አላደረገውም።

ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ካናሉ ገና አልተከፈተም። ከቦምቤይ ተነሥቶ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ባለችው ዙላ ላይ ማራገፊያ ሠራ፣ ሐዲድ ዘረጋ፣ ዝሆን ሳይቀር አመጣ፣ መቅደላን አቃጥሎ ተመለሰ። ወታደሮቹ የያዙት ጠመንጃ ስሙ እስከዛሬ በሽለላችን አለ፣ ስናድር። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ እንግሊዝን የለመኑት የእጅ ባለሙያና ማሽን ላኩልኝ ብለው ነበር። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስወረዱ ሰው፣ ኃይሉ የት እንዳለ ከማንም ቀድመው ገብቷቸዋል። የፈለጉት ዕውቀቱን ነበር፣ የመጣላቸው ጦር።

የባሕር ናፍቆት፦
እግዜር ይስጣችሁ! ሁሉንም አነበብኩላት። ካርታ ሣለችና ኤደን፣ ፔሪም፣ ኦቦክና አሰብ ላይ “ማደያ” ብላ ጻፈች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ “ፈረንሳይ ኦቦክን ከያዘች ለምን ወደ ጅቡቲ ሄደች?”

ወደበኛው፦
ወደቡም ይሻላል፣ የሐረር የግመል ቅፍለትም በዚያ በኩል ይመቸዋል። ኦቦክ ለሚያልፍ መርከብ ይበቃል፣ ወደ ደጋው ለሚወጣ ንግድ ግን አይሆንም። ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። እሱን እሁድ እጽፍላታለሁ፣ ካርታውን ትያዝልኝ።