ከኮንሰርት ቅር ብሎት የተመለሰ ሰው መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ የሮክ ወዳጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን አንድ ታዋቂ የሮክ ባንድ በቅርቡ በምኖርበት አካባቢ በሚገኝ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ተገኝቼ አየሁት። የባንዱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ስሙ ከተነሳ ውይይቱ በደጋፊና በነቃፊ መካከል ወደሚደረግ ጠብ እንደሚዞር አውቃለሁና።

ቅሬታዬ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው ያስቸገረኝ። ባንዱ ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ መድረክ ላይ ሲወጣ ምክንያቱን የነገረን ሰው አልነበረም። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ስለሚመጣ፣ በቃሌ የማውቃቸውን ግጥሞች እንኳ መለየት አቃተኝ። ድምፃዊው ዘፈኖቹን ዝቅ ባለ ኪይ (ዘፈኑ በሚቃኝበት የድምፅ ከፍታ) የዘፈነ ሲሆን፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ያዞር ነበር። ከአዲሱ አልበማቸው ብዙ ተጫወቱ፤ እኔ የሄድኩበትን ዘፈን ግን ጭራሽ አልነኩትም፤ ሌላውን የምወደውን ደግሞ ምቱንም ዜማውንም ስለለወጡት እስከ አጋማሹ ድረስ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁትም። ባለቤቴ «ሰዎቹ አርጅተዋል፤ አንተስ የሃያ ዓመት ልጅ ነህ?» ብላ ዘጋችው፤ እኔ ግን ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አልመሰለኝም፤ ከጎናችን የነበሩ ወጣቶች እጅግ ተደስተው ነው የወጡት።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ቅሬታዎች ውስጥ ትኬት የገዛ ሰው በሙሉ አፉ ሊያቀርባቸው የሚገባው የትኞቹን ነው? የትኞቹስ አድማጩ ራሱ ከቤቱ ይዟቸው የመጣ ምኞቶች ናቸው?

መልስ 1፦ የመድረክ ድምፅ ሠራተኛ (ለንደን)

ወንድሜ፣ ሙያዬ የኮንሰርት ድምፅ ስለሆነ በዋናነት የምመልሰው ስለ ድምፁ ነው፤ ሆኖም ከሌሎቹ ቅሬታዎችዎ አንዳንዶቹ ከእርሱ የተወለዱ ይመስለኛል። የስፖርት አዳራሽ ከኮንክሪት፣ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ በመሆኑ ድምፅን ከመዋጥ ይልቅ ይመልሳል። በተለይ የቤዝ ጊታርና የትልቁ ከበሮ ወፍራም ድምፅ ቶሎ ስለማይጠፋ፣ ያለፈው ምት ሳያልቅ አዲሱ ይደርስበትና የዘፋኙን ቃላት ይሸፍናቸዋል። ርቀቱም የራሱ ችግር አለው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የከበሮ መቺውን እጅ ካየ በኋላ ምቱ የሚደርሰው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ለዚህ ሲባል በሜዳው መካከል ተጨማሪ ስፒከሮች ተተክለው፣ ድምፃቸው ከመድረኩ ድምፅ ጋር እኩል እንዲደርስ በጥቂቱ ይዘገያል። ይህ በጥንቃቄ ካልተሠራ፣ «የምወደውን ዘፈን ለውጠውብኛል» ብሎ የሚወጣ አድማጭ አንዳንዴ ያልሰማውን ዘፈን ነው የሚወቅሰው።

ዛሬ ይህን ያህል እናማርራለን እንጂ ነገሩ ሲጀመር እጅግ የባሰ ነበር። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1965 በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም 55,600 ያህል ሕዝብ ፊት ሲቆሙ፣ ለዚያ የኮንሰርት ጉዞ ተብለው የተሠሩት የጊታር አምፕሊፋየሮቻቸው እያንዳንዳቸው 100 ዋት ብቻ ነበሩ፤ ድምፃቸውም በስታዲየሙ የራሱ ድምፅ ማጉያ በኩል ነበር የሚወጣው። ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት ሞኒተር መድረኩ ላይ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ፤ ከሕዝቡ ጩኸት የተነሳ እነርሱም እርስ በርስ አይደማመጡም ነበር። የሚገርመው ግን በዚያ ቀን ቅር ብሎት የወጣ ታዳሚ ብዙም አይወራለትም፤ ሕዝቡ የመጣው ሊሰማ ሳይሆን ሊያያቸው ነበርና ያሰበውን አግኝቷል። ቅር ያላቸው ሙዚቀኞቹ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ 29 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተጫወቱ በኋላ ትኬት ተሸጦለት የሚደረግ ኮንሰርት ዳግመኛ አላቀረቡም።

ስለዚህ በእኔ ግምት ድምፁን በሚመለከት ያቀረቡት ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው፤ መቅረብ ያለበት ግን ለድምፃዊው ሳይሆን ለአዘጋጁ ነው። አዳራሹን የመረጠውና ትኬቱን የሸጠው እርሱ ነውና።

መልስ 2፦ አሮጌ ካሴት (አዲስ አበባ)

የለንደኑ ወንድማችን ያሉት ልክ ነው፤ የዘፈኑን መለወጥ ግን በድምፅ ጉድለት ብቻ ልናልፈው አንችልም። ሙዚቀኛ ዘፈኑን አውቆ ሲለውጥ አድማጩ ምን መብት አለው የሚለው ክርክር በሮክ ታሪክ ውስጥ ከማንም በላይ በቦብ ዲላን ላይ ተካሂዷልና ከእርሱ ልጀምር።

ዲላን ጊታር በትከሻው፣ ሃርሞኒካ ባንገቱ አድርጎ ብቻውን ሲዘፍን የወደዱት ሰዎች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1965 አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት የፎክ (የአሜሪካ ባህላዊ ዘፈን) ፌስቲቫል ላይ በኤሌክትሪክ ጊታርና በባንድ ታጅቦ ሲያዩት ከመካከላቸው ብዙዎቹ ጮኹበት። በባንድ የተጫወተው ሦስት ዘፈን ብቻ ነበር፤ ኋላም አኮስቲክ ጊታር ይዞ ተመልሶ ሁለት ዘፈነ። ጩኸቱ ከምን እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። አንዳንዱ ኤሌክትሪኩን በመቃወም ነው ይላል፤ ሌላው ድምፁ ተበላሽቶ ቃላቱ ስላልተሰሙ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዝግጅቱ በጣም ስላጠረ ነው ይላል። የፎክ ሙዚቃ አባት የነበረው ፒት ሲገር ራሱ በኋላ ሲጠየቅ፣ ያናደደው የድምፁ መዛባት እንጂ ኤሌክትሪኩ እንዳልነበረ ተናግሯል። ልብ ይበሉ፤ ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ፣ የሙዚቃው መለወጥና የድምፁ መበላሸት፣ እርስዎ ከዘረዘሯቸው ጋር አንድ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጩኸት ውስጥ ተደባልቀው ስለወጡ ግን የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 17 ቀን ማንቸስተር ውስጥ የሆነው ግን ምንም ጥርጥር የለበትም። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻውን ሲጫወት ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሰማው። ሁለተኛውን በባንድ ሲጀምር ማጉረምረሙና የተቃውሞ ጭብጨባው ተነሣ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ዲላን «አላምንህም፤ ውሸታም ነህ» ብሎ መልሶለት የመጨረሻውን ዘፈን ከበፊቱ በበለጠ ጉልበት ተጫወተው። የዚያ ምሽት ቅጂ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ ታተመ፤ ዛሬ ሮክ ካፈራቸው የመድረክ ቅጂዎች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ያ ጯሂ ትኬቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው ነበር፤ ቅር መሰኘቱንም አልነፍገውም። ነገር ግን ዲላን በእርሱ ፍላጎት ተመርቶ ቢሆን ኖሮ ሌሎቻችን ያንን ሙዚቃ አናገኘውም ነበር።

ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግም እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በፊተኛው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተሸጠ አልበም አውጥቶ ነበርና ሕዝቡ የመጣው ያንን ለስላሳ ዘፈን ሊሰማ ነው፤ እርሱ ግን በሞት ባጣቸው ወዳጆቹ ኀዘን የተሠራ፣ ገና ገበያ ላይ ያልዋለ ጨለም ያለ አልበም ይጫወትላቸው ጀመር። አልበሙ የታተመው በ1975 ነው፤ ስለዚህ ታዳሚዎቹ አስቀድመው ሊለማመዱት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

እዚህ ላይ እኛ ከሌሎች የተሻለ ልንረዳው የምንችለው ነገር ያለ ይመስለኛል። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ትዝታን ባለፈው ሳምንት እንደተጫወትከው አድርገህ ካልደገምክልኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ግጥሙ እንደ ገባው ሰው ይለወጣል፤ የምንሸልመውም ስለ መለወጡ ነው። ሮክ ሲሆን ግን የምንጠብቀው በስቱዲዮ ውስጥ ክፍል በክፍል ተቀድቶ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ የተሠራ አንድ ቅጂ ሕይወት ዘርቶ እንዲቆምልን ነው። ካሴቱ ስላልተለወጠ ሰውየውም እንዳይለወጥ ፈልገናል ማለት ነው።

መልስ 3፦ ሒሳብ አዋቂዋ (ቶሮንቶ)

ከአዲስ አበባው ወንድሜ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። አዝማሪ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ከዛሬው የስታዲየም ትኬት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚሸለመውም ከሰሙት በኋላ ነው። ትልቁ የሮክ ኮንሰርት ግን ገንዘቡን ከወራት በፊት ይቀበላል፤ የሚሸጠውም በአብዛኛው ትናንትን ነው። ማስታወቂያው የድሮ ፎቶግራፍና የድሮ ዘፈን ይዞ ከመጣ፣ ገዢው የድሮውን ዘፈን መጠበቁ ምኞት ሳይሆን በሻጩ የተቀሰቀሰ ተስፋ ነው።

ኦኤሲስ የተባለው የብሪታንያ ሮክ ባንድ ከዓመታት መለያየት በኋላ ሲመለስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2024 ብሪታንያ ውስጥ ትኬት መሸጥ ሲጀምር፣ 150 ፓውንድ ገደማ ይሆናል የተባለው የቁም ቦታ ሰዎች ተራ ይዘው ሲጠብቁ ወደ 355 ፓውንድ ከፍ ብሎ ጠበቃቸው፤ የአገሪቱ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ምርመራ ከፈተ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እንኳ፣ የሠራተኛው ሰው ዘፋኝ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዳንድ ትኬቶቹ በፍላጎት መጠን ዋጋቸው ሲወጣ 5,000 ዶላር ድረስ ደርሰዋል፤ ከ1980 ጀምሮ ስለ እርሱ ብቻ ሲጽፍ የኖረው ባክስትሪትስ የተባለው የአድናቂዎች መጽሔትም በዚህ ቅር ብሎት በ2023 ሥራውን አቁሟል። እኔ ከዚህ ሁሉ በላይ የከበደኝ ይህ የመጽሔቱ መዘጋት ነው፤ የሙዚቃው ጥራት ላይ ምንም ቅሬታ ሳይኖራቸው ልባቸው የተሰበረ አድናቂዎች ናቸውና።

ዋጋው ከተሰቀለ ግዴታውም አብሮ ይሰቀላል። ኦኤሲስ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በየከተማው የተጫወተው አንድ ዓይነት ዝርዝር ነበር ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች የተወሰደ ሲሆን፣ አዲስ ዘፈን አልነበረበትም። «ድፍረት የለውም» የሚለው ይኖራል፤ ሕዝቡ ግን የከፈለበትን አግኝቶ ወጣ። ዲላንም በራሱ መንገድ ሐቀኛ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ያደረገውን ጉዞ ያኔ አዲስ በነበረው አልበሙ ስም ሰይሞ፣ ከዚያው አልበም አብዛኛውን ይጫወት ነበር፤ ስልክ እንኳ በሚቆለፍ ከረጢት ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ ይነገር ነበር። ማስታወቂያውን አንብቦ የገባ ሰው ሊያጉረመርም አይገባውም።

መዘግየቱን በሚመለከት ግን ምንም ምክንያት አልቀበልም። እዚሁ ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 1992 የሆነውን ላስታውስዎ። ከሁለቱ ዋና ባንዶች አስቀድሞ የተጫወተው ሜታሊካ ነበር፤ ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ በመድረኩ ርችት ክፉኛ ስለተቃጠለ ዝግጅታቸው ተቋረጠ። ሕዝቡ ይህን በዓይኑ አይቶት ስለነበር በትዕግሥት ጠበቀ። ከረጅም ጥበቃ በኋላ የወጣው ገንስ ኤንድ ሮዝስም ዝግጅቱን ሳይጨርስ፣ ድምፃዊው አክሰል ሮዝ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ መድረኩን ሲለቅ ግን ረብሻ ተነሣ። ሁለቱም ባንዶች የተጫወቱት ከታሰበው ያነሰ ነው፤ ሕዝቡን ያስቆጣው ማነሱ ሳይሆን እንደ ሰው አለመቆጠሩ ነበር። ረብሻውን አልደግፍም፤ እርስዎም ያንን ሁሉ ሰዓት ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ መጠበቅዎ ግን ከቅሬታዎችዎ ሁሉ ቀዳሚው መሆን አለበት።

የጠያቂው ምላሽ፦ የሮክ ወዳጅ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን ተመልሼ ሳየው የአዲሱ አልበም ስም ከታች በትናንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ፎቶግራፉ ግን ከአርባ ዓመት በፊት የተነሡት ነው። እንግዲህ እኅቴም ወንድሜም ከፊል ከፊል እውነት አላችሁ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ኪዩን ዝቅ ማድረግ እንደ ማታለል ይቆጠራል? ደግሞስ ወደፊት ትኬት ከመግዛቴ በፊት ምን ልመልከት?

መልስ 4፦ የመድረክ ድምፅ ሠራተኛ (ለንደን)

በፍጹም ማታለል አይደለም። የሰው ድምፅ በዕድሜ የላይኛውን ክፍል ያጣል፤ ስለዚህ ጊታሮቹን ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ድምፃዊው በየምሽቱ ጉሮሮውን ሳይጎዳ እንዲዘፍን ያደርገዋል። የማይቀበሉት ነገር ካለ፣ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ከበስተጀርባ አስከፍቶ ከንፈርን ማንቀሳቀስ ይሁን። ማይክሮፎኑን ወደ እናንተ ያዞረው ሰው ቢያንስ እንደማይደርስበት አልደበቀም።

ስለ ትኬቱ ደግሞ፣ በአንድ ጉዞ ውስጥ የሚጫወቷቸው ዘፈኖች ከከተማ ከተማ ብዙም አይለወጡም፤ መብራቱና የስክሪኑ ምስል ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋር አስቀድሞ ተቀናጅቶ ስለሚዘጋጅ በአንድ ምሽት መለወጥ አስቸጋሪ ነው። በየምሽቱ የተጫወቱትን ዝርዝር የሚመዘግቡ ድረ ገጾች ስላሉ፣ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ቢገዙ የሚወዱት ዘፈን መኖር አለመኖሩን ያውቃሉ። ቦታ ሲመርጡ የድምፅ ባለሙያው የሚቆምበትን ስፍራ በካርታው ላይ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይገኛል። እኛ ድምፁን የምናስተካክለው በዚያ ቦታ ለጆሯችን በሚመጣው መሠረት ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ የተቀመጠ ሰው እኛ የምንሰማውን ይሰማል። ከሰገነት ሥርና ከመድረኩ ጎን ያለውን ግን ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።